የውስጡ በሬ

ግንቦት 19 ቀን 66፣ ጠዋት 1 ሰዓት

የፒካፑን የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት አወረድኩ። ብረት አለበት። ጣቴን አስገብቼ ሳወጣ እንደ ሰሊጥ የደቀቀ ብረት ተለጥፎበታል። ክዳኑን ፈታሁ። በትልቁ ጥርስ መሀል ያሉት አራቱ ትንንሽ ጥርሶች ተበልተዋል፤ ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያዞረው ዲፈረንሻል አበቃለት።

ጥፋቱ የኔ ነው። ይመዝገብ። ባለፈው ሳምንት ከወረኢሉ ስመለስ ዋልካ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ግራው ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል፣ ቀኙ ቆሟል። እግሬን ከነዳጁ ላይ ማንሳት ነበረብኝ። ግማሽ ሰዓት ረገጥኩት። እንዲህ ሲሆን እነዚያ ትንንሾቹ ይጋያሉ። አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ነድቻለሁ። ቸኮልኩ።

አንተ ደብተር የመኪናው የጉዞ መዝገብ ነህ። ፊትህ ላይ ኪ.ሜ.፣ ነዳጅ፣ መነሻ፣ መድረሻ ይሞላል፤ እሱን አለቆች ያዩታል። ጀርባህን ማንም አይገልጠውም። ጀርባህ የኔ ነው።

ከሰዓት

ግራዝማች አስጠሩኝ። (ከዚህ በኋላ ግ/ማች እላቸዋለሁ፤ ቀለም ውድ ነው።) የእርዳታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ፒካፑ የጤና ጣቢያው ቢሆንም ትእዛዙ ከእሳቸው ነው።

ነገሩ ይህ ነው። ስንዴው ወረኢሉ መጋዘን ውስጥ ነው። ሰዉ መካነ ሰላም ነው፤ ረሃብ ከቆላ ያስወጣው ሁሉ ገበያው ዳር ዳስ ውስጥ ተኝቷል። በመሀል ጉሮሮ አለ፦ ሰባት ጊዜ የሚጠመዘዝ ቁልቁለት፣ አንዱ ጎን ገደል፣ አፈሩ ዋልካ። ክረምቱ ጠንከር ሲል ጉሮሮ ይዘጋል፤ እስከ መስከረም ማንም አያልፍበትም። የጭነት በቅሎ አልቋል። ሌላ መኪና የለም። አንድ ወር አለኝ፣ ካለኝ።

ግ/ማች አዲስ ዲፈረንሻል ከአዲስ አበባ ይምጣ አሉ። ፈጣኑ። ደሴ አንድ ነጋዴ ሥዕሉን አሳይቷቸዋል። ሜዳ ላይ ሰማንያ ያስኬዳል አሉ። ሜዳው የት ነው አልኳቸው። ሳቁ። ደሴ በጊዜ ለመግባት ጥሩ አይደለም ወይ አሉ። ስንዴው ወረኢሉ ነው አልኩ። ሬዲዮናቸውን ከፍ አደረጉት። አዲስ አበባ ሰልፍ ነው፣ የሥራ ማቆም ነው። ፊታቸውን ወደ ሬዲዮኑ እንዳዞሩ በእጃቸው አሰናበቱኝ።

ዕቃው እስኪመጣ ስድስት ሳምንት። በስድስት ሳምንት ዳሱ ውስጥ የሚጠብቀኝ አይኖርም።

ግንቦት 21

አያ ሙሔ ዘንድ ሄድኩ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ወፍጮው ከጥር ወዲህ አልዞረም፤ የሚፈጭ የለማ። ከወፍጮው ጀርባ አሮጌ መኪናቸው ቆሟል፤ ከኔው ጋር የአንድ ፋብሪካ ልጅ፣ ከጦር ሠራዊት በጨረታ የወጣ። ሞተሩ የለም። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሉ ግን አለ።

ጎንበስ ስል ሥሩ ሰው አለ።

አያ ሽፈራው ይባላል፤ ከዓባይ በኩል ከቆላ የወጣ ገበሬ። ሚስቱ አበቡ። ሴት ልጅ አለቻቸው፣ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። በጎማዎቹ መካከል ድንጋይ ክበው ቀዳዳውን በጆንያ ደፍነዋል። መኪናው ጣሪያቸው ነው። ዳሱ ለምን አልገባችሁም አልኩ። አበቡ መለሰች። ተስቦ አለ አለች። በየጠዋቱ ከዚያ የሚወጣውን አስከሬን እዚህ ሆና ታያለች።

በጀርባዬ ተኝቼ የኋላውን ክዳን ፈታሁ። ጥርስ ቆጠርኩ። ሰውየው አጠገቤ ተጋድሞ አብሮኝ ይቆጥራል። ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ ያለው ትንሹ ከኔው እኩል ነው። ትልቁ በስድስት ጥርስ ይበልጣል። ስድስት ጥርስ ቀላል አይደለም። ጎማው ዝግ ይላል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። ጭኖ ዳገት ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ፍሬን አይቃጠልም። ለጉሮሮ ተለክቶ የተሠራ ይመስላል።

ግን የኋላውን ብቻ ብወስድ ፊትና ኋላ እኩል አይሄዱም፤ አራቱንም ጎማ ሳስገባ አንዱ ሌላውን ይሰብረዋል። ከወሰድኩ ሁለቱንም ከነጎማ ዘንጋቸው ነው። ሁለቱ ከወጡ ደግሞ ይህ መኪና በሆዱ መሬት ላይ ይተኛል።

አያ ሙሔ ምንም አልጠየቁም። «ወላሂ፣ ውሰደው። እኔ አልነዳው።» ከዚያ በከዘራቸው ወደ ሥር ጠቆሙ። «እነሱን ግን ጠይቅ። ቤቱ የነሱ ነው።»

አልጠየቅሁም። ሌላ መላ አይጠፋም አልኩ።

ግንቦት 23

መላው ብየዳ ነው። አያ ሙሔ ለወፍጮው የሚጠቀሙበት የጋዝ መበየጃ አላቸው። የተበሉትን ትንንሽ ጥርሶች እርስ በርስ በይዶ አንድ ብረት ማድረግ። ያኔ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አብረው ይዞራሉ፤ አንዱ ቢሰምጥ ሌላው ይጎትታል። ደሴ ሲሠራ አይቻለሁ። የአንድ ቀን ሥራ። ማንም ከቤቱ አይወጣም።

ስበይድ አያ ሽፈራው መጥቶ ተቀመጠ። ምን እንደምሠራ ጠየቀ። መሬት ላይ በእንጨት ሣልኩለት፦ ሁለት ጎማ፣ በመሀል ጥርሱ። ትንሽ አየው።

«ሁለቱን በሬ አንድ አደረጓቸው?»

አዎ አልኩት።

«ሲዞሩሳ?»

የት ሲዞሩ አልኩ።

«ትልሙ ጫፍ ላይ ነዋ። ሲዞሩ የውስጡ በሬ ይቆማል፤ ባለበት ይረግጣል። የውጭው ነው የሚሄድ። ሁለቱም እኩል ልሂድ ካሉ ወይ ቀንበር ይሰበራል፣ ወይ ቀጥ ብለው የሰው ማሳ ይገባሉ።»

ዲፈረንሻል የተፈጠረው ለዚሁ ነው። እኔ ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት፤ እስኪገባኝ ሦስት ወር ፈጀብኝ። እሱ ሁለት በሬ ነበረው። አንዱ ሞተ፣ አንዱን ሸጦ በላው።

ጉሮሮ ላይ ቀስ ብዬ እዞራለሁ አልኩት። ሥዕሉን በመዳፉ ደመሰሰ። አካፋ የሚይዝ ሰው እፈልግ እንደሆነ ጠየቀ። እፈልጋለሁ። ደሞዙ ስንዴ ነው።

ግንቦት 26፣ ወረኢሉ

ገባን። ዋልካውን ሰንጥቆ ነው የወጣው። ባዶ ስለሆነ ጠመዝማዛው ላይም ትንሽ ተንሸራተተ እንጂ አላስቸገረም። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። አያ ሽፈራው አካፋውን ታቅፎ፣ «አንቱ ሹፌር፣ አካፋዬ ሥራ ፈታች፤ ስንዴዬን እንዳይቀንሱብኝ» አለ። ቢያንስ ጭቃ አስነካት አልኩት። ወርዶ አስነካት።

ነገ ጭነን እንመለሳለን።

ግንቦት 28፣ መካነ ሰላም

አጭር ልጻፍ። እጄ ቆስሏል።

ጉሮሮ፣ ሦስተኛው ጠመዝማዛ። ካፊያ ነበር። መሪውን እስከ መጨረሻው አዞርኩ። መኪናው አልዞረም። ኋላው ፊቱን ገፋው፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። የፊት ቀኝ ጎማ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። በዚያው ቅጽበት ከኋላ ጧ አለ፤ የግራ ጎማው ዘንግ ተቆረጠ።

አያ ሽፈራው ቀድሞኝ ወርዶ ድንጋይ እየወሸቀ ነበር። ለማቅለል ጆንያዎቹን ጣልን። ስድስቱ ገደል ገቡ። ሲወርዱ ተቀደዱ። ሰው የሌለበት ቦታ ነው፤ ወዲያው ግን ከየት እንደመጡ ያላየናቸው ሰዎች ገደሉ ውስጥ ነበሩ። ከጭቃው እየለቀሙ ጥሬውን ይቅሙታል። አንድም ድምፅ የለም።

በፊት ጎማና በቀረችው አንድ ዘንግ ተጎትተን ወጣን። ግማሽ ጭነት።

አያ ሽፈራው አልወቀሰኝም። ቆይቶ ብቻ፣ «በሬ ቢሆን ይቆም ነበር፤ ገደል ያያል» አለ።

ግንቦት 29

ያመጣነው ዳሱን ለሦስት ቀን ያበላል።

ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሁለቱንም ዲፈረንሻል አወጣለሁ፣ መኪናው ይወርዳል፣ ከዚያ በክሪክ አንስቼ ድንጋይ እደረድርበታለሁ፣ እንደነበረ ይሆንላችኋል አልኩ። አያ ሽፈራው ሳልጨርስ እሺ አለ። አበቡ ናት የጠየቀች። ስንት ቀን ነው አለች። አራት ቀን አልኩ። ልጂቱን ከሥር አወጣቻት፤ የያዙት ዕቃ አንድ ቅል፣ አንድ ቁርበት፣ አንድ ማረሻ ነው። ማረሻውን ስታወጣ እኔ ሳልሆን ማረሻው የሚሰማት ይመስል፣ «እንግዲህ አንተም ዝናብ ልመድ» አለችው።

ወፍጮ ቤቱ ከቆላ በወጣ ሰው ሞልቷል። አያ ሙሔ ራሳቸው በረንዳ ላይ ነው የሚያድሩት።

ሰኔ 3

ሁለቱም ወጥተው ፒካፑ ላይ ታሠሩ። ዛሬ ከተማውን አንድ ዙር ዞርኩ። ዝግ ነው። ልጆች በእግር ይቀድሙኛል። ጉልበቱ ግን ጉልበት ነው። ጥግ ላይ ስዞር ወርጄ የውስጡን ጎማ ማየት አማረኝ።

የአያ ሙሔ መኪና በሆዱ ተኝቷል። ድንጋዩን ለመደርደር አራት ሰው፣ አንድ ሙሉ ቀን። ግ/ማች ለምን ቆምክ ብለው ሁለት ጊዜ ላኩብኝ። ሰማዩ ጠቁሯል። ክሪኩ አንድ ነው፤ ያለ ክሪክ ጉሮሮ አይኬድም። አንድ ጉዞ ደርሼ ልምጣና እደረድራለሁ አልኩ። አበቡና ልጂቱ መኪናው ላይ ወጥተው ቁርበቷን ከላያቸው ዘርግተዋል። አብሽሪ፣ በአራት ቀን እመጣለሁ አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

ሰኔ 7፣ ወረኢሉ

መጋዘኑ ተቆልፏል። ጠባቂው ያለ ደሴ ፊርማ አልከፍትም ይላል። ደሴ ስልክ ተደወለ። ፊርማ የሚሰጠው ሰውዬ ቢሮ የለም፤ ቤቱም የለም። ምክትሉ ደግሞ አልፈርምም ብሏል፣ ነገ ማን እንደሚጠይቀኝ አላውቅም እያለ። ሁሉም ሬዲዮ ያዳምጣል። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ።

ጠባቂው ወታደር የነበረ ሽማግሌ ነው። ከሰዓት መጥቶ ባዶ መኪናዬን አየ፣ አያ ሽፈራውን አየ። ቁልፉን መሬት ላይ ጥሎ፣ ውኃ ልቀዳ ነው ብሎ ሄደ። ጫንን።

ሰኔ 10፣ መካነ ሰላም

ሙሉ ጭነት ገባ። ሰባቱንም ጠመዝማዛ ፍሬን ሳልነካ ወረድኩ። አያ ሽፈራው ከጎን በእግሩ እየሄደ የኋላ ጎማውን ያያል። በየጠመዝማዛው፣ «ቆመ! የውስጡ ቆመ!» ይለኛል። አራተኛው ላይ እኔም ሳቅሁ።

ስንደርስ መኪናው ላይ ማንም የለም። ቁርበቷ ረጥባ ተሰቅላለች። ዝናቡ በሁለተኛው ቀን አስወጥቷቸዋል። ዳሱ ገብተዋል።

ደህና ናቸው። አበቡ እሳት ዳር ቦታ አግኝታለች። ድንጋዩን ልደርድርላችሁ አልኩ። ደክሞዎት የለም ወይ፣ ይደር አለች። የፍሬን ቱቦ የምቀይረውም ነበረኝ። ይደር አልኩ።

ሰኔ 14

አበቡን ራሷን አሟታል። ትኩሳት። በሐኪም ፈንታ ያለው የጤ/ጣቢያው ድሬሰር ዓይኗን ገልጦ አየና እጁን ታጠበ።

ነገ ጉዞ አለ። አያ ሽፈራው ይቀራል ብዬ ነበር። እሷ ናት ሂድ ያለችው። ስንዴውን ማን ያመጣልኛል አለችው።

የኔ ክፍል አንድ አልጋ አላት። ሰኔ 3 ቀንም ነበራት። ያኔ አላሰብኩትም። ይህንንም ይመዝገብ።

ሰኔ 20

ጉሮሮ አናት ላይ አያ ሙሔ ቆመው አገኘኋቸው። በዚያ ዕድሜ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተዋል። የሞተሩን ክዳን አስከፈቱኝ፤ የሚታይ ነገር እንዳለ። ክዳኑ ሥር ሆነን ነገሩኝ። አበቡ ትናንት አርፋለች። ቤተ ክርስቲያን እስከ በሩ ድረስ እሳቸው ተሸክመዋል። ልጂቱ እሳቸው ዘንድ ናት።

መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሰው ከቤቱ ገብቶ፣ እህል ቀምሶ፣ ነግቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። አደራ አሉኝ። አያ ሙሔ ጋቢና ገቡ። ሹፌሩ እኔ ነኝ፤ ክዳኑን ዘጋሁ።

ምን ሆነ አለ አያ ሽፈራው። ውኃ ነው አልኩ።

ወረድን። እሱ እንደ ልማዱ ከጎን። አንደኛው፣ «ቆመ!»። ሁለተኛው፣ «ቆመ!»። ሦስተኛው ላይ፣ ልንወድቅ የነበርንበት ላይ፣ ወደ መስኮቴ ቀረብ ብሎ፣ ለአበቡ ለብቻዋ የቋጠራት አንዲት ቁና ስንዴ እንዳለች ነገረኝ፤ ለሙቅ ትሆናታለች አለ። አራተኛው። አምስተኛው። አያ ሙሔ ከአጠገቤ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። መሪውን እንዳልስት ጎማውን ብቻ አየሁ። ሰባተኛው፣ «ቆመ!»።

የታመመ ሰው ዘንድ ዛሬ አይገባም፣ ድሬሰሩ ከልክሏል አልነው። ጤ/ጣቢያው በረንዳ ላይ አደረ። ቁናዋን ተንተርሶ።

ሰኔ 21፣ ንጋት

ሽማግሌዎቹ አምስት ሆነው መጡ፤ ቄሱም አያ ሙሔም አሉበት። ከሩቅ ሲያያቸው ተነሣ። ማንም አፉን ሳይከፍት ነጠላውን አገለደመ።

ሰኔ 23

አያ ሽፈራው መጣ። ጎማው ላይ ተቀመጠ።

«ያን ለት ቁልቁለቱ ላይ ያውቁ ነበር?»

አውቅ ነበር አልኩት።

«ነግረውኝ ቢሆን ጎማውን አላይልዎትም ነበር። መኪናው ከነጭነቱ እዚያው ይቀር ነበር።» ደግ አደረጉ አላለም። ክፉ አደረጉም አላለም። ለቀጣዩ ጉዞ መቼ እንደምንነሣ ጠየቀ።

ስለ ድንጋዩ እኔ አነሣሁ። አራት ቀን ብዬ ነበር አልኩ። አዎ፣ ብለው ነበር አለ።

ሰኔ 25

ሬዲዮኑ የሰው ስም ይጠራል። እጃችሁን ስጡ ይላል። ግ/ማች ስማቸው አልተጠራም፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ግን ተጠርተዋል። ከሰዓት አስጠሩኝ። ሣጥን፣ ምንጣፍ፣ የታሸገ ዕቃ ግቢው ውስጥ ተደርድሯል። ነገ ጠዋት ደሴ ታደርሰኛለህ አሉ። በጽሑፍም ሰጡኝ፣ በማኅተም።

በሰዓት ስንት ይሄዳል አሉ። ሠላሳ፣ ቁልቁለት ካገኘ አልኩ። ፈጣኑን አምጣ ብዬህ ነበር አሉ። አዎ፣ ብለው ነበር አልኩ። ይሄ አህያ ነው አሉ። እህል የሚሸከመው አህያ ነው ልል ነበር። አላልኩም። ደመናውን አየሁ። ጉሮሮ አንድ ጉዞ ይቀረዋል፤ ቢበዛ ሁለት። ደሴ ደርሼ እስክመለስ ይዘጋል።

ሰኔ 26፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ልጂቱ ከትናንት ጀምሮ የምታድረው የኔ አልጋ ላይ ነው። እኔ ወለሉ ላይ።

ደብተር፣ ዛሬ ፊትህ ላይ ጻፍኩ፤ አለቆች በሚያዩት በኩል። ቀን፦ ሰኔ 27። መነሻ፦ መካነ ሰላም። መድረሻ፦ ወረኢሉ። በቀለም ነው፣ በእርሳስ አይደለም። ባለማኅተሙን ወረቀት አጥፌ መሀልህ አስገብቼዋለሁ፤ የሚፈልግ ያገኘዋል። ለግ/ማች መልስ ልኬአለሁ፦ በቅሎ ካላቸው ከኔ ይፈጥናል።

ዛሬ ግን ሙሉ ቀን አለኝ። የአያ ሙሔን መኪና ለማንሣት አራት ሰው ተገኝቷል። አያ ሙሔ ከዘራቸውን ጥለው ድንጋይ ያንከባልላሉ። አያ ሽፈራው ማረሻውን ከዝናብ አንስቶ ወፍጮ ቤት አስገብቷል። መስኮቱን መታ። ክሪኩን እየጠበቀ ነው። ልሂድ፤ መጀመሪያ የኋላውን አነሣለሁ።